አንድ ዝናብ፣ ሁለት ወንዝ

(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢያን በጽሑፍ የቀረበ)



በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃ፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬ፣ በጠቅላላው በይፋት ቆላ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ለዛሬው ንባብ አደረሳችሁ። ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ። ከባድ ቃል ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። አልገባ ካላችሁም ከጎናችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዛሬው ንግግራችን አባቶቻችን ቅዱስ ብለው ስላከበሩት ወንዝ፣ ስለ ዓባይ ነው። «ዓባይ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? እሱ የጎጃም ነው፣ እኛ የይፋት ነን» ትሉ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ታገሡ። ከቤታችሁ ደጃፍ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ቀና በሉ። ያ ከፍ ብሎ የሚታያችሁ ተራራ የዓባይ ቤት ጣሪያ ነው። የናንተም ቤት ጣሪያ እሱው ነው።

የተራራው ጣሪያ

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማው ያለበት ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ይያያዘዋል። ጆሮ ይደነቁራል፤ ብርዱ ይመጣል፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ከዚያ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የቆፈሩት የጣርማበር ዋሻ ይደረሳል። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

አሁን አንድ የቆርቆሮ ቤት አስቡ። ዝናብ በጣሪያው ጫፍ ላይ ሲወርድ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በፊት ለፊት፣ ግማሹ በጓሮ ይወርዳል። ጣርማበርም እንደዚያ ነው። በስተምዕራብ የወረደው ዝናብ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ይፈሳል። ከበረሳና ከመሰሎቹ ወንዞች ጋር ሆኖ ጀማ ወንዝ ይገባል። ጀማ ደግሞ ዓባይ ይገባል። በስተምሥራቅ የወረደው ዝናብ ግን ገደሉን ተንደርድሮ ወደናንተ ይመጣል። ሮቢንና ጀውሃን ይሞላል፤ ወደ አዋሽ ምድርም ይወርዳል።

እንዲህ አንድ ወንዝ ውሃውን የሚሰበስብበት ምድር ሁሉ ተፋሰስ ይባላል። ይህን ቃል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ጣርማበር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። አንዱ ዝናብ ሁለት ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ የዓባይ ታሪክ ለናንተ የባዕድ ታሪክ አይደለም። ወንድሙ በሜዳችሁ ያልፋል።

ግዮን የተባለው ወንዝ

ዓባይ የሚነሳው ከጎጃም፣ ከሰከላ ነው። ቦታው ግሽ ዓባይ ይባላል። እዚያ ያለው ትንሽ ምንጭ ነው። ምንጩ ግልገል ዓባይን ይዞ ጣና ሐይቅ ይገባል። ከጣና በባሕር ዳር በኩል ይወጣና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ከዚያ ጎጃምን ዙሪያውን ከቦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ በግብጽ በኩል ባሕር ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ላይ ከገነት ስለሚወጡ አራት ወንዞች ይናገራል። ከነዚያ አንዱ የኩሽን ምድር የሚከበው ግዮን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግዮን የተባለው ዓባይ ነው። ስለዚህ በግሽ ዓባይ ምእመናን በጸበሉ ይጠመቃሉ፤ ጠጥተውም ይጸልያሉ። ከክርስትና በፊትም የአካባቢው አገዎች ምንጩን ያከብሩት እንደነበር ይነገራል።

ስለዚህ ቦታ አባቶች የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ የሚባሉ ጻድቅ ነበሩ። የመከራ ቀን በመጣባቸው ጊዜ መጻሕፍታቸውን የሚያኖሩበት አጡ። ታዲያ ለምንጩ ውሃ አደራ ሰጡት ይባላል። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ጠየቁ። ውሃውም መጻሕፍቱን አንድ ፊደል ሳይርስ መለሰላቸው ይባላል። ይህን ታሪክ ያዙት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

የሩቅ አገር ሰዎችም ይህን ምንጭ ፍለጋ ደክመዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የስፔን ሚሲዮናዊ በ1610 ዓ.ም. ደረሰበት። ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ተጓዥ ደግሞ በ1763 ዓ.ም. አየው። በአውሮፓ «የዓባይን ምንጭ አገኘሁት» ብሎ ማውራት ትልቅ ዝና ነበር። የሰከላ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ከብቱን ሲያጠጣበት ኖሯል!

ውሃን ማክበር የዓባይ ዳር ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። በጥምቀት ዕለት በየአገሩ ታቦት ወደ ውሃ ይወርዳል። ያ ውሃ፣ ወንዝም ይሁን ኩሬ፣ ለዚያች ቀን ዮርዳኖስ ነው። ሙስሊሙ ወገናችን ከሰላት በፊት ውዱእ የሚያደርገው በንጹሕ ውሃ ነው። ኦሮሞው ወገናችን በመስከረም ኢሬቻን የሚያከብረው ውሃ ዳር ወርዶ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ነው። በይፋት ቆላ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በገበያ ይገናኛሉ። ሃይማኖታቸው ይለያያል፤ ውሃን ማክበር ግን የሁሉም ነው።

ንጉሡ ያልቻለው ነገር

አሁን ወደ ጥንቱ ታሪክ እንሂድ። ከ700 ዓመት በፊት የናንተ አገር ታላቅ መንግሥት ነበረበት። የይፋት ሱልጣኔት ይባል ነበር። ከ1277 ዓ.ም. ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች ይገዙት ነበር። ነጋዴዎቹ ከዘይላ ወደብ ጨርቅና ሌላም ዕቃ እያመጡ ወደ ደጋ ያወጡ ነበር። አስበሪ፣ ኖራ፣ መሳል የሚባሉ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው በተራራው ተዳፋት ላይ ዛሬም ይገኛል።

በዚያ ዘመን በደጋው የነገሡት ዓፄ ዓምደ ጽዮን ነበሩ። በ1324 ዓ.ም. ከይፋቱ ሱልጣን ከሰብረዲን ጋር ተዋግተዋል። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1318 ዓ.ም. ግድም፣ ወደ ካይሮ መልእክተኛ ልከው ነበር። በግብጽ የክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን በመፍረሱ ተቆጥተው፣ «ይህን ካላቆማችሁ የዓባይን ውሃ እመልሰዋለሁ» ማለታቸውን አል መቅሪዚ የተባለው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። የግብጹ ሱልጣን ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

እውነትም ንጉሡ ዓባይን ሊመልሱ አይችሉም ነበር። በዚያ ዘመን ያን የሚያህል ገደል የሚያቆም መሣሪያ አልነበረም። ጦርም፣ ጋሻም፣ ዛቻም ወንዝ አይመልስም።

ታዲያ ወንዙን የለወጠው ማን ነው? መልሱ የሚያኮራ አይደለም። ንጉሥ ያልቻለውን መጥረቢያ ቻለው። አንድ ሰው አንድ ዛፍ ቆረጠ፤ ለማገዶ ነው፣ አይፈረድበትም። ልጁ ደግሞ ሁለት ቆረጠ፤ ለቤት ማገር ነው። የልጅ ልጁ መሬት ጠበበውና ገደሉን አረሰ። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን መቶ ዓመት በመቶ ዓመት ላይ ሲደመር ተራራው ራቁቱን ቀረ።

ዓባይ የሚወስደው

ውሃ በምጣድ ላይ ብታፈሱ ምን ይሆናል? ወዲያው ይንሸራተታል። ያንኑ ውሃ በጭድ ክምር ላይ ብታፈሱስ? ጭዱ ይጠጣዋል፤ ቀስ እያለ ከሥር ይንጠባጠባል። ዛፍና ሣር ያለበት ተራራ እንደ ጭዱ ነው። የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ለበጋው ምንጭ ያደርገዋል። የተራቆተ ተራራ እንደ ምጣዱ ነው። በክረምት ጎርፍ ይሰዳል፤ በበጋ ጥም ያመጣል። ጎርፉና ድርቁ ሁለት ጠላት ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ውሃው ሲንሸራተት ባዶ እጁን አይሄድም። በጣርማበር አካባቢ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባለሙያዎች ከማሳው የሚታጠበውን አፈርና ውሃ ይለኩ ነበር። በዚያው ዘመን የተደረገ ጥናት በአገራችን ደጋ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 420 ኩንታል አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ሄክታር ማለት አራት ጥማድ ያህል ነው። 420 ኩንታል እህል በአንድ ሄክታር አምርቶ የሚያውቅ ከናንተ መካከል አለ? የለም። አፈሩ ግን በየዓመቱ ያን ያህል ይሄዳል። በአሥር ዓመት ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይታጠባል ማለት ነው። ታጥቦ የሄደውን አፈር መሬት ለመተካት ደግሞ እጅግ ረጅም ዘመን ያስፈልገዋል።

ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባለ ይተረትበታል። ግንዱስ ባልከፋ! ይዞ የሚዞረው የእንጀራችንን አፈር ነው። ሱዳን ውስጥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የሮዛሪስ ግድብ በጥቂት አሥር ዓመታት ውስጥ የውሃ መያዣው ሲሶ ያህል በደለል ተሞላ። ደለል ማለት ውሃ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈር ነው። አሁን ደግሞ የኛው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለ። ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከበረሳና ከጀማ በኩል የሚሄደው ደለል የሚያርፈው አሁን በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። አፈር የያዘውን ቦታ ውሃ አይዘውም።

ጣናም ታሟል። በ2004 ዓ.ም. ግድም እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ። ከማሳ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ለእምቦጩ ቀለብ ነው። በግሽ ዓባይ ምንጩን በእምነት ጠበቁት። ከምንጩ በታች ያለውን ሰፊ ምድር ግን ማን ጠበቀው?

አዋሽ የሚያስቀረው

አሁን ወደ ምሥራቁ ወንድም እንመለስ። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ይነሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ፣ የአፋር ጥጥ፣ ሁሉም ከሱ ይጠጣሉ።

አዋሽ ከዓባይ በአንድ ነገር ይለያል። ባሕር አይገባም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ እንግሊዛዊ ወንዙ የት እንደሚደርስ ለማየት ተከትሎት ሄዶ ነበር። በ1926 ዓ.ም. በጅቡቲ ድንበር አቤ ከሚባለው ጨዋማ ሐይቅ ደረሰ። አዋሽ እዚያ ያልቃል። ከፀሐይ በቀር የሚወስደው የለም።

ይህ ምን ማለት ነው? ዓባይ ያለንን ይወስዳል፤ አዋሽ ደግሞ የጣልንበትን ያስቀራል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ ይገባል። ወደ ባሕር አይሄድም። እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ከብት በሚያጠጣው፣ ልጅ በሚያጥበው ወገናችን ደጅ ይቀራል።

እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ናችሁ። በሮቢ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ታለማላችሁ። ተባይ ሲመጣ መድኃኒት ትረጫላችሁ፤ ግድ ነው። ነገር ግን የተረጨበትን ዕቃ ወንዝ ውስጥ ያጠበ ሰው መርዙን ወደ ታች ላከው። ከታች የአፋር ወንድማችን ግመሉን እያጠጣ ነው። እናንተ ከላይ የሚመጣባችሁን ጎርፍና ጠጠር ትራገማላችሁ፤ እውነት አላችሁ። ለአፋሩ ግን ላይኛው እናንተ ናችሁ። ወንዝ ላይ ሁሉም ሰው የአንዱ ታችኛ፣ የሌላው ላይኛ ነው።

የጓሳ ሕግ

«ታዲያ ምን ይደረግ? ተራራው የተራቆተው ከኛ በፊት ነው» የሚል ይኖራል። መልሱ ሩቅ አይደለም። እዚያው ከራሳችሁ በላይ አለ።

በመንዝና በይፋት መካከል፣ በተራራው ጠርዝ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ምድር አለ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያ ይኖራሉ። የዚያ ምድር ውሃ እንደ ጣርማበሩ ሁሉ ወደ ዓባይም ወደ አዋሽም ይወርዳል።

የመንዝ ሰዎች ይህን ምድር ከ300 ዓመት በላይ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ሕጉ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር። አለቃ ይመርጣሉ፤ ምድሩን ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉታል። እስኪከፈት ድረስ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሕግ የጣሰ ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ሲከፈት ግን ባለመብት የሆነ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ ከሱ ጋር የነበረው ቄሮም ቆመ። ጠባቂ ሲጠፋ ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን እንደገና አስቀጠለ። ጓሳ ዛሬም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ በሉ። ግሽ ዓባይ የተጠበቀው በእምነት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ጥድና ወይራም የቆየው በእምነት ነው። ጓሳ የተጠበቀው ደግሞ በሕግና በስምምነት ነው። በሁለቱም ቦታ ሰዎች የጠበቁት ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ውሃው የሚነሳበትን ምድር ነው። ወንዙን ባርኮ ተራራውን መቁረጥ ላሚቱን እያረዱ ወተቷን ማመስገን ነው።

እናንተስ?

የይፋት ቆላ ሰው ብቻውን ሮቢን ማዳን አይችልም። ምንጩ ደጋ ነውና። የደጋው ሰው ደግሞ እርከን ሠርቶ፣ ችግኝ ተክሎ፣ ከብቱን ከተዳፋቱ አግዶ ሲቸገር፣ ጥቅሙን ቀድሞ የሚያገኘው ቆላው ነው። ታዲያ ገበያ ስትገናኙ ስለ ማሽላና ስለ ማሾ ዋጋ ብቻ አታውሩ። ስለ ተራራውም አውሩ። «እናንተ ተዳፋቱን ብትዘጉ እኛ በምን እናግዛችሁ? ጉልበት እንስጥ? መኖ እንስጥ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ለራስ ማሳ የሚከፈል ዋጋ ነው።

በየቤታችሁም የምትችሉት አለ። የመድኃኒት መርጫችሁን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። የወንዙን ዳር እስከ ውሃው አፍ አትረሱት፤ ሣርና ቁጥቋጦ ተዉለት። በቀያችሁ ያለችውን ምንጭ አጥሯት፤ ከበላይዋ አገር በቀል ዛፍ ትከሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምትችሉት አለ። የነገሥታቱና የሱልጣኖቹ ታሪክ ተጽፏል። የናንተ መንደር ምንጭ ታሪክ ግን አልተጻፈም። ዱሮ በየትኛው ወር ትደርቅ ነበር? አሁንስ? ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ዕውቀቱ አብሮ ያልፋል። እናንተ ግን አሁን ፊደል አውቃችኋል። ደብተራችሁ ላይ የምንጯን ስም ጻፉ። ውሃዋ የቀነሰበትን ወር ጻፉ። የተከላችሁትን ዛፍ ቁጠሩና ጻፉ። በሚመጣው ዓመትም እንዲሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ «ወንዛችን ደክሟል» ስትሉ ወሬ አይሆንም፤ ማስረጃ ይሆናል።

ግሽ ዓባይ መጻሕፍትን ተቀብሎ ሳያረጥብ መለሰ ያልነውን አስታወሳችሁ? ያኔ ወንዙ መጽሐፉን ጠበቀ። አሁን ተራው የናንተ ነው፤ ደብተራችሁ ወንዙን ይጠብቅ።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደህና ሰንብቱ!

በቡድን የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ተፋሰስ ማለት ምን ማለት ነው? የናንተ መንደር በየትኛው ተፋሰስ ውስጥ ነው?

2. የተራቆተ ተራራ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጥም የሚያመጣው ለምንድን ነው?

3. የጓሳን ምድር ለረጅም ዘመን የጠበቀው ምንድን ነው? በናንተ አካባቢ እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረግ ይቻላል?

4. በመንደራችሁ ያለችውን አንድ ምንጭ ስም ጻፉ። ስለሷ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት ጠይቃችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።